ከብልጭታው በፊት ልኬቱ

ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1891 ያስተዋወቀውን ጥቅል ዛሬም ብዙ የኤሌክትሮኒክስ አፍቃሪዎች በቫክዩም ቲዩብ ይሠሩታል። ከጥቅሉ ተመልሶ የሚመጣ ጥቂት ኃይል ቲዩቡን በትክክለኛው ቅጽበት ይከፍተዋል፤ ይዘጋዋልም። ዥዋዥዌን በጊዜው እየገፉ ከፍ እንደ ማድረግ ነው። በዚህ ሬዞናንስ የሁለተኛው ጥቅል ቮልቴጅ አየሩን ጥሶ ብልጭ እስኪል ድረስ ያድጋል።

ተማሪዎቻችን ብልጭታውን ይናፍቃሉ። በእኛ እምነት ግን ዋናው ትምህርት ልኬቱ ነው። ዋግ ኽምራን እንውሰድ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ፣ የዝቋላ ወረዳ ወደ ተከዜ ሸለቆ ዝቅ ይላል። የደጋው አየር ስስ በመሆኑ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይጣሳል። ስለዚህ የአንዱ ጥቅል ብልጭታ በሰቆጣ ከቆላው ይልቅ ሊረዝም ይገባል። ይህን አስቀድሞ ማስላት፣ ቀጥሎም መለካት ፊዚክስ ነው።

ይሁን እንጂ ቲዩቡን የሚመግበው ቮልቴጅ 2,000 ሊደርስ፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ካፓሲተሩም ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ቻርጁን ይዞ ይቆያል። አንዲት ስሕተት ሕይወት ትቀጥፋለች። ስለሆነም ማንም ተማሪ በቤቱ ብቻውን እንዳይሞክረው አጥብቀን እናሳስባለን።

መብራት ያልደረሰበት ትምህርት ቤትስ? በ12 ቮልት ባትሪ፣ በአንድ ትራንዚስተርና በቀጭን የመዳብ ሽቦ የሚሠራ ትንሽ ጥቅል አጠገቡ የተያዘን ፍሎረሰንት አምፖል ያለ ሽቦ ያበራል። የዝቋላ ተማሪ በመምህሩ ፊት ከዚህ ይጀምር። ሬዞናንስን የተረዳ ተማሪ ወደ ቲዩቡ የሚደርሰው በድፍረት ብቻ ሳይሆን በዕውቀት ነው።