ባለቤት ያለው በረሃ

የወደደው ፊልም የተቀረጸበትን ስፍራ ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚሄደውን ሰው እንደ ቂል የሚቆጥሩ አሉ። «ኮምፔርሳቶና ጀሶ ለማየት ይህን ሁሉ ገንዘብ!» ይላሉ። ከእነዚህ ጋር ብዙ ጠብ የለኝም። ሰው የወደደውን ታሪክ በእግሩ ሊረግጠው ቢመኝ ነውር የለበትም፤ ተረት የተነገረው ልጅ «ዋሻው የት ነው?» ብሎ መጠየቁ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የኔ ጠብ ከገዛ ወገኖቼ፣ ከአፍቃሪዎቹ ጋር ነው። ሄደን የምናየውን፣ ይልቁንም ሄደን የማናየውን ሳስብ ዝም ማለት ያቅተኛል።

ነገሬን በአንድ አገር ልወስነው። ጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ»ን መቅረጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 በደቡብ ቱኒዚያ ነው። ሉክ ስካይዎከር ያደገባት፣ ሁለት ፀሐይ የምትጠልቅባት ታቱዊን የተባለች ፕላኔት በዚያ በረሃ ተፈጠረች። ቀራጮቹ በ1997 እና በ2000 ለተከታዮቹ ክፍሎች ወደዚያው ተመልሰዋል። ዛሬ ጎብኚው በዚያ የሚያገኘው ሁለት ዓይነት ነገር ነው፤ አፍቃሪው ግን ሁለቱን ለይቶ ሲያይ አይገኝም።

አንደኛው፣ ለፊልሙ ሲባል የተሠራው ነው። ከኔፍታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ኦንግ ጀመል ማለትም «የግመል አንገት» ከሚባለው ስፍራ አቅራቢያ ሞስ ኤስፓ ቆማለች። ከፊት ሲያዩዋት ከተማ ናት፤ ከኋላ ሲዞሯት እንጨት፣ ሽቦና ጀሶ። በ1997 ቀረጻው ሲያበቃ ሳትፈርስ ቀረች። በ2013 ራልፍ ሎሬንዝ የተባለ የፕላኔቶች ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የጨረቃ ማጭድ የመሰለ የአሸዋ ክምር በዓመት 15 ሜትር ገደማ እየተጓዘ እንደሚጫናት ከሳተላይት ምስል ለክቶ አሳየ። ወሬው እንደተሰማ አፍቃሪው ዓለም ተንጫጫ፤ በ2014ም አሸዋውን የመጥረግ ዘመቻ ተደረገ። ቀደም ብሎ በ2012 አፍቃሪዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ በሾት ኤል ጀሪድ የጨው ሜዳ ላይ ያለውን የሉክን ቤት ጉልላት ጠግነዋል። ይህን ያደረገው ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ አይናቅም።

ሁለተኛው ግን ፊልሙ የሠራው ሳይሆን የተዋሰው ነው። የሉክ ቤት ግቢ ሆኖ የምናየው በማትማታ ያለው ሆቴል ሲዲ ድሪስ ነው። ይህ ቤት ጀሶ አይደለም። የማትማታ ሰዎች፣ ሌላው ዓለም በርበር የሚላቸው አማዚጎች፣ ለስላሳውን አፈር ቁልቁል ቆፍረው ሰፊ ጉድጓድ ያወጣሉ፤ የጉድጓዱ ወለል ግቢ ይሆናል። ከዚያም በዙሪያው ወደ ጎን እየፈለፈሉ መኝታውን፣ ማድ ቤቱንና ጎተራውን ያበጃሉ። መግቢያው ከኮረብታው ጎን የተፈለፈለ መተላለፊያ ነው። የበጋው ሐሩር አይዘልቀውም፤ የክረምቱ ብርድም እንዲሁ። የፊልም ሰዎች መጥተው በዚህ የትውልዶች ጥበብ ላይ ጥቂት ቱቦና ጥቂት ቀለም ለጠፉበት። ዛሬ ጎብኚው ቱቦውን ፎቶ ያነሣል፤ ግድግዳውን አልፎት ይሄዳል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚያችን ፕላኔት ስም ግን ያዋሰው መልአክ አይደለም፤ ከማትማታ በስተደቡብ ያለችው የታታዊን ከተማ ናት። ስሙ በአማዚግ ቋንቋ «ዓይኖች» ወይም «ምንጮች» ማለት ነው፤ እኛም ምንጭን የውኃ ዓይን እንደምንለው ማለት ነው። ምንጮች የሚል ስም ተወስዶ ጠብታ ለሌለባት ፕላኔት ተሰጠ። ከአፍቃሪዎቹ ስንቱ ይህን ያውቃል? ስንቱስ ሊጠይቅ ፈለገ?

ከዚህ የከፋም አለ። በፊልሙ የሉክ አጎት የእርጥበት ገበሬ ነው፤ በመሣሪያ ከአየር ላይ ውኃ ያልባል። አፍቃሪው የመሣሪያውን ስም በቃሉ ይወጣዋል። በማትማታ ኮረብታዎች መካከል ግን እውነተኛው የእርጥበት ገበሬ አለ። በየሸለቆው ጅሱር የሚባል የአፈርና የድንጋይ ግድብ ይሠራል። ዝናብ በጣለ ጊዜ ጎርፉ ጠርጎ ያመጣው አፈር ከግድቡ ጀርባ ይጠራቀማል፤ ውኃውም በዚያው ይሰርጋል። በዚያች በተያዘች አፈር ላይ ወይራ፣ በለስና ተምር ይበቅላል። ድንጋይ በነበረው ቦታ እርሻ ይወለዳል። የፊልሙን የውኃ ገበሬ ሊያይ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያቋረጠ ሰው፣ እውነተኛውን በመኪናው መስኮት ሳያውቀው ያልፈዋል። ለዚህ ምን ስም ይገኝለታል?

ወይም ክሳር ሀዳዳን ውሰዱ። በ1999 በታየው ክፍል የባሮች ሰፈር ሆነው ከቀረቡት ስፍራዎች አንዱ ነው። ሕንፃው በመሠረቱ የጋራ ጎተራ ነበር፤ ቤተሰቦች እህላቸውንና ዘይታቸውን በየክፍላቸው ቆልፈው የሚያኖሩበት። ሰው የላቡን ፍሬ የሚያስቀምጥበት ቤት፣ የራሱ የሆነ አንዳች ነገር የሌለው ሰው መኖሪያ ተብሎ ለዓለም ታየ። ፊልም ሠሪውን በዚህ አልከሰውም፤ ምናብ ከየትም ይዋሳል፤ ሥራውም ያ ነው። የምከሰው መብራቱ ጠፍቶ፣ ካሜራው ተነቅሎ፣ እርሱ ራሱ በጎተራው ደጃፍ ቆሞ ሳለ እንኳ ከባሪያ ሰፈር በቀር የማይታየውን ጎብኚ ነው።

መልሱ ሁልጊዜ የተዘጋጀ ነው፤ «ፊልሙ ባይኖር ማን ያውቃቸው ነበር?» ይባላል። እንግዳ ገንዘብ እንደሚያመጣ አልክድም። ነገር ግን ሒሳቡን እንተሳሰብ። አንድ ሕዝብ ቤቱን፣ ጎተራውን፣ የከተማውን ስም አዋሰ። በዓለም ዙሪያ የታወቀ ፊልም ከዚያ ላይ ተነሣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አበዳሪው «ስላወቅንህ አመስግነን» ይባላል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ አይደለምን? የእንግዳ ገንዘብ ደግሞ የእንግዳ ያህል ነው። በ2015 በባርዶ ሙዚየምና በሱስ የባሕር ዳርቻ በተፈጸሙት ጥቃቶች ጎብኚዎች በተገደሉ ጊዜ የአገሪቱ ቱሪዝም ተሽመደመደ። በእንግዳ ፍቅር ብቻ የተደገፈ ቤት እንግዳው የቀረ ዕለት ደጋፊ የለውም።

ሌላው መልስ «እኔ የሄድሁት ለመደሰት እንጂ ለመማር አይደለም» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው የወደደውን ነገር አላወቀውም እላለሁ። ታቱዊን ከሌሎች የፊልም ፕላኔቶች ይልቅ በልባችን የቀረችው ለምንድን ነው? ሰው የኖረባት ስለምትመስል ነው። የምትመስለው ደግሞ በእርግጥ ሰው ስለኖረባት ነው። ያ የተላሰ ደረጃ፣ ያ እጅ ያለሰለሰው የበር ጠርዝ፣ በአንድ ሳምንት አናጢ የሚሠራው አይደለም። የደስታችን ምንጭ ከጀሶው በስተጀርባ ያለው ሕይወት ከሆነ፣ ያንን ሕይወት ሳያዩ መመለስ ድግስ ተጠርቶ ጠረጴዛውን ብቻ አድንቆ እንደ መሄድ ነው።

ደግሞም ጊዜው ጠባብ ነው። ከነጻነት በኋላ በሜዳው ላይ አዲስ ማትማታ ተመሠረተች፤ ብዙ ቤተሰብም ከጉድጓድ ቤቱ ወጥቶ ወደዚያ ወረደ። በ1969 የጣለው ብርቱ ዝናብ ብዙዎቹን ቤቶች ናዳቸው። የአፈር ቤት ሰው ሲኖርበት ይጠገናል፤ ሲለቁት ዝናብ ይገባበታል፤ ጣሪያው ይወርዳል፤ ጉድጓዱም መልሶ ጉድጓድ ብቻ ይሆናል። ይህ ሲሆን ግን ዘመቻ የሚጠራ፣ ገንዘብ የሚያዋጣ አፍቃሪ አላየሁም። የጀሶዋ ከተማ አሸዋ ሲነካት የተንጫጫነው ሁሉ፣ ጀሶው የተኮረጀው ቤት ሲፈርስ ጸጥ ብለናል።

ስለዚህ ቃሌ አጭር ነው። ሞስ ኤስፓን አሸዋው ከፈለጋት ይውሰዳት። ለአንድ ሰሞን የተሠራች ናት፤ ዘመኗንም ከታሰበላት በላይ ኖራለች። በፊልሙ ውስጥ ደግሞ አሸዋ አይደርስባትም። ለእርሷ የምንዘረጋው አካፋና የምናዋጣው ገንዘብ ካለ ወደ ማትማታ ይዙር።

የሚሄድም ይሂድ፤ መሄድን አልከለክልም። ሲሄድ ግን ከፎቶው ሥር «የሉክ ቤት» ብሎ ከመጻፉ በፊት «ማትማታ» ብሎ ይጻፍ። ሰው በሚኖርበት ጉድጓድ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ካሜራ ከመደቀኑ በፊት በመግቢያው በኩል ዞሮ «ቤቶች!» ይበል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ብለዋል አባቶች፤ አጥር በሌለው ቤት ደግሞ ንቀቱ የሚታወቀው በዓይን ነው። ወይራውን ማን እንደ ተከለው ይጠይቅ፤ ግድቡን ማን እንደሚጠግነው ይጠይቅ። ያ በረሃ ሌላ ፕላኔት አይደለም፤ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ዛሬ በሕይወት አለ።