ዘበኛ የሌለው ሐይቅ

ስኮትላንድ ውስጥ በአብዛኛው ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ለማደር ደጅ የሚጠናበት ቢሮ የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና ከ2005 ጀምሮ የሚሠራበት የመሬት ሕግ፣ ባለ ርስቱ ማንም ይሁን ማን፣ ሰው ሁሉ በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ በየብሱም በሐይቁም እንዲዘዋወርና እንዲያድር መብት ሰጥቷል። ሞተር አይፈቀድም፤ ታንኳ ግን ይፈቀዳል። ጎረቤት እንግሊዝ ውስጥ በአብዛኛው ቦታ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ማደር አይቻልም። እዚያው ዳርትሙር በተባለው ገላጣ ምድር ላይ ያለው የማደር መብት እንኳ የጸናው ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2025 ውሳኔ ካገኘ በኋላ ነው።

የስኮትላንዱ ሕግ ዜግነት አይጠይቅም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተቋጨለት የግላስጎው ወንድማችንም፣ ለንደን ተወልዳ ያደገች ልጃችንም እኩል መብት አላቸው። ብዙዎቻችን ግን ከከተማው አውቶቡስ መጨረሻ ማዶ ያለው አገር የሌላ ሰው ነው ብለን እንኖራለን። ይህ ያሳዝነኛል። ከጓደኞቼ ጋር በሜይ ወር ሎክ ሺል የተባለውን ሐይቅ በታንኳ ለመጓዝ ስናቅድ ጉዳዩን በአደባባይ ልጽፍበት የወሰንኩትም ለዚህ ነው።

ሎክ ሎመንድ ለግላስጎው ይቀርባል፤ ነገር ግን ከ2017 ወዲህ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር በተወሰኑ ዳርቻዎቹ ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ገደቡ የመጣው ሰው ቆሻሻውን፣ አንዳንዴም ድንኳኑን እንዳለ ጥሎ እየሄደ፣ ዛፍ እየቆረጠ እያነደደ ስላስቸገረ ነው። ሎክ ሺል ላይ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ከግላስጎው ወደ ማሌግ የሚሄደው ባቡር ግሌንፊናን ላይ ያወርዳል። ከዚያ በሐይቁ ሌላኛው ጫፍ እስካለው አካራክል 28 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሐይቁ በተራሮች መካከል ጠቦ ተዘርግቷል።

ያከራከረን አቅጣጫው ነው። ሐይቁ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተጋደመ ነው፤ በዚያ አገር የሚበዛውም ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይነሣል። ተራሮቹ ግራና ቀኝ ስለያዙት ነፋሱ መውጫ አጥቶ በሐይቁ ርዝመት ይነጉዳል። ከባቡሩ ወርደን ከግሌንፊናን ብንነሣ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት እየታገልነው ልንቀዝፍ ነው። ከአካራክል ብንነሣ ከኋላ ይገፋናል፤ ግን ሞገዱ በሄድን ቁጥር እያደገ ስለሚሄድ ትልቁን ሞገድ የምናገኘው ክንዳችን ከዛለ በኋላ ነው። እኔ የአካራክልን መነሻ እመርጣለሁ። ቁርጡ ግን በዋዜማው የነፋስ ትንበያ ይወሰናል፤ ካስፈራም ጉዞው ይቀራል። ዘበኛ በሌለበት ቦታ "ዛሬ አይሆንም" የሚለው ተጓዡ ራሱ ነው።

ወሩንም በብዙ ሐሳብ ነው የመረጥነው። በጋው ከገፋ ሚጅ የምትባለው ደቃቅ ነካሽ ትንኝ ነፋስ በሌለበት ማለዳና ምሽት ደመና ሆና ትመጣለች፤ እራት መብላት እንኳ አያስችልም። በሜይ ገና አልበዛችም፤ ዝናቡም ቀለል ይላል፤ ብርሃኑ ረጅም ነው። በአንጻሩ ውሃው የክረምቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነው። ድንገት የገባበት ሰው ሳይወድ በግዱ አየር ይስባል፤ ያን ጊዜ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ አለቀለት። ዋናተኛም ቢሆን በጥቂት ደቂቃ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ወንበር ሥር መቀመጥ የለበትም፤ ደረት ላይ ታስሮ ይዋል። ዳርቻውን ይዘን እንቀዝፋለን። ደረቅ ልብስ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ገብቶ ከታንኳው ጋር ይታሰራል።

እሳት አናነድም። የዚያ አገር መሬት በብዙ ቦታ ፒት ነው፤ በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ በቅጡ ያልበሰበሰ ዕፅዋት። አንዴ ከተያያዘ ከላይ የጠፋ መስሎ ከሥር ሊጨስ ይችላል። ቡናችንን በትንሽ የጋዝ ምድጃ እናፈላለን። ለመጸዳዳት ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ አንድ ቦታም ከሁለት ወይም ከሦስት ሌሊት በላይ አይታደርም። ማታ ማታ እግራችንን ለመዥገር እንፈትሻለን።

ወደ አካራክል ሲቃረቡ ሐይቁ በሚጠብበት ላይ የቅዱስ ፊናን ደሴት አለች። የፈረሰ ቤተ ጸሎትና የጥንት መቃብር አለባት፤ የጣናን ደሴቶች ለሚያውቅ ባዕድ አትሆንበትም። ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያው በክፍት ቦታ የኖረ የነሐስ ደወል ነበራት። በ2019 ተሰረቀ። ማንም ሳይጠብቀው ያን ሁሉ ዘመን የኖረው ታንኳ አስጠግቶ የወረደ ሰው አይቶት ባለበት ትቶት ስለሄደ ነበር። ደሴቲቱ ዛሬም ክፍት ናት፤ እኛም መቃብሮቹን ሳንረግጥ ልንሳለማት እናስባለን። አእዋፍ የሚፈለፍሉባቸውን ሌሎች ትንንሽ ደሴቶች ግን አንጠጋም።

በተራሮቹ መካከል የስልክ መስመር እንደሌለ ቆጥረን ነው የምንነሣው። የታንኳዎቹን ቀለም፣ የምናድርባቸውን ዳርቻዎችና የመመለሻችንን ሰዓት ጽፈን ከተማ ለምትቀረው ጓደኛችን እንሰጣለን። እስከዚያ ሰዓት ካልደወልንላት 999 ትደውላለች። ከእኛ ጋር መሄድ የሚፈልግ ካለ መቅዘፍ ባይችልም ግድ የለም፤ በኤፕሪል ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው አጠገብ ባለ ጸጥ ያለ ውሃ ላይ እንለማመዳለን።