እናንተ ሲያልባችሁ ጀርባችሁ ላይ ያለው ልጅ ይቀዘቅዛል



ክረምት ነው። የላስታ መንገድ ጭቃ፣ ተራራው ጉም ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ጥግ ካሉ ቀበሌዎች ተነስቶ ለቅዳሜ ገበያ ወይም ለሕክምና ወደ ላሊበላ በእግር ለሚወርድ ሰው ሦስት አራት ሰዓት ብርቅ አይደለም። መሃል መንገድ ላይ ዝናቡ ሲይዛችሁ ምን ትላላችሁ? «ከተራመድን ይሞቀናል፤ ሳንቆም እንድረስ።» ለሚራመደው ሰው እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የማይራመደው ነው።

በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን አይራመድም። ቃሬዛ ላይ የተኛች ወላድ አትራመድም። በቅሎ ላይ የተቀመጡ አዛውንትም እንዲሁ። የተሸካሚው ጡንቻ ሙቀት ያመነጫል፣ ላብ በላብ ይሆናል፤ ከዚያ በራሱ ገላ መዝኖ «ብርዱ ደህና ነው» ይላል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

አንዲት እናት ዝናብ ውስጥ ተጉዛ ልጇን ለክትባት አምጥታ ነበር። ፊቷ በላብ ወዝቷል። «መንገዱን ሙሉ ሳያስቸግረኝ ተኛልኝ» አለችኝ ደስ ብሏት። ሆዱን ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነበር። ልጁ የደከመው ከብርድ ነው እንጂ እንቅልፍ አልነበረም። ደግነቱ ቶሎ ደርሰናል።

ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀትን ከገላ ይወስዳል። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የምንወደው የጥጥ ጋቢ ከራሰ በኋላ አያሞቅም፤ የበግ ጠጉር ባና ወይም በርኖስ ግን ረጥቦም ቢሆን ይሻላል። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ይበልጣል። ላይኛው ከታችኛው በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ውርጭ ካልጣለ ብርድ አይገድልም የምትሉ ካላችሁ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በእግር ጉዞ ውድድር ላይ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ የገጠማቸው ሦስት ወጣቶች ሞተዋል። ጉዳዩን ያጠናው ዶክተር ግሪፊዝ ፒው እርጥብ ልብስ በነፋስ ሲመታ ሙቀት የመያዝ አቅሙን አብዛኛውን እንደሚያጣ አሳይቷል። እነዚያ ጤነኛ ጎረምሶች ነበሩ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ሕፃንና በሽተኛ።

በተለይ ደም የሚፈሳት ወላድ! ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም በደንብ አይረጋም፤ መፍሰሱ ይብሳል። ስለዚህ ቃሬዛ ለሚያነሱ ወንድሞቼ ፍጥነት ብቻ አይበቃም እላለሁ። ሁለት ደቂቃ አጥፍታችሁ ደረቅ ባና ከሥርም ከላይም አድርጉላት፣ ራሷን ሸፍኑ፣ ከውጭ ላስቲክ ጠቅልሉ። ፊት ግን መቼም በላስቲክ አይሸፈን፣ የሕፃን ደግሞ በጭራሽ።

ልጅ ያዘላችሁ፣ አንድ ደረቅ ልብስ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ። በየመሃሉ እጃችሁን አስገብታችሁ ደረቱንና ሆዱን ንኩ። ቀዝቅዞ ካገኛችሁት መጠለያ ፈልጉ፣ እርጥቡን አውልቁ፣ ገላውን ከገላችሁ አጣብቃችሁ ከላይ ደረቅ ልብስ ደርቡ። ጡት መጥባት ከቻለ አጥቡት።

አዋቂ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አደጋ ውስጥ ገብቷል፤ ለአራስ ሕፃን ከ36.5 በታች እንኳ ቀላል አይደለም። መንገድ ላይ ቴርሞሜትር የለም፣ ስለዚህ ሰውየውን እዩት። የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና እየታገለ ነው። ልብሱን ቀይሩለት፤ በደንብ ከነቃ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። መንቀጥቀጡ ቆሞ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እግሩ ከተሳሰረ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን «ተሻለው» አትበሉ፤ ብሶበታል። አታሹት፣ እሳት ዳር አትጣሉት፣ አታስሩጡት። አስተኝታችሁ፣ ሸፍናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።

አረቄውንስ? «አንዲት መለኪያ ታሞቃለች» የሚሉ ሽማግሌዎችን አከብራለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። አረቄ የቆዳ ደም ሥሮችን ያሰፋና ውስጥ የቀረውን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። ሰውየው ሞቀኝ እያለ ይቀዘቅዛል።