መሪው በእጃችን ይሁን፤ ቢያንስ የመኪናው!

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «መልሰህ ስትሸጠው ያወጣል ወይ?» ተብሎ ነው። መንዳቱ ደስ ይልሃል ወይ የሚል ዘመድም ደላላም የለም። ከየት ይምጣ? ብሩ በየዓመቱ ሲሟሽሽ መኪናው የባንክ ደብተር ሆኖ አረፈው። አሥር ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ «ጉድ!» የሚል እንኳ ጠፍቷል።

እኔ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ገንዘባችሁ ትንሽ፣ የመንዳት ፍቅራችሁ ትልቅ ከሆነ ለጎረቤት ዓይን ሳይሆን ለእጅና ለእግራችሁ ግዙ እላለሁ። በዚህ ሁሉ መጨናነቅ 180 የሚበር መኪና ምን ይሠራል? የመንዳት ደስታ ያለው በቀላል አካል፣ በእጅ ማርሽና መንገዱን ለእጅ በሚያወራ መሪ ላይ ነው። እነዚህን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ቮልስና ዲኤክስ አሟልተው ይዘዋል።

ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ራዲያተር የሚባል ጣጣ የለበትም። ዳገት ላይ ውኃ ፈላ ብሎ ጀሪካን ይዞ መንከራተት የለም። ክብደቱ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ስለሚያርፍ ጭቃውን ቆንጥጦ ይወጣል። ነገር ግን እርጥብ ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብታችሁ ድንገት ነዳጅ ከለቀቃችሁ ጭራው ሊቀድማችሁ ይችላል፤ ጠባዩን እወቁለት።

ዲኤክስም የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው። የፊት ጎማዎቹ ሥራ መዞር ብቻ ስለሆነ መሪው ንጹሕ ነው። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የማያውቀው መካኒክም የለም።

«ቪትዝስ?» ትሉኝ ይሆናል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለማቆምም ይመቻል፤ አልክድም። ችግሩ አብዛኛው አውቶማቲክ መሆኑ ነው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። 1000 ሲሲ ሞተር ይዞ እንጦጦን ሲወጡ ማርሹን ራስ መምረጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ደስታውም እዚያው ላይ ነው።

ስትገዙ አዲስ ቀለም አያታላችሁ። ማግኔት ይዛችሁ ላሜራውን ዳስሱ፤ ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው። የቮልሱን የኋላ መቀመጫ አንሱት፤ ባትሪው ያለበት ወለል ቶሎ ይዝጋል። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው ስለሆነ ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ሰማያዊ ጢስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ከሳበም ጥንቃቄ ነው።

አሁን መራሩን እንናገር። እነዚህ መኪኖች ኤርባግ የላቸውም፣ ጢሳቸውም አይወደድም። አብዛኞቹ 40 ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቹን አሳፍሮ ሕይወቱን ለአሮጌ ላሜራ አደራ የሚሰጥ ሰው ሌላ ምርጫ ቢኖረው አይጠላም። ምርጫውን ማን ወሰደበት? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን በዕድሜው እየለካ ቀረጡን ከፍ አደረገው። በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ሱር ታክስ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደራረበ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ አገደ። አሮጌ መኪና እንዲቀንስ ነው ተባልን። ውጤቱስ? ፍሬኑ ደህና፣ ኤርባግ ያለው የስምንት ዓመት መኪና ከደመወዝተኛው ራቀ፤ የ40 ዓመቱ እዚሁ ቀርቶ ዋጋው ሰማይ ነካ።

ጌቶቻችን ሆይ፣ ዕድሜውን ትታችሁ ፍሬኑን መርምሩ! ምርመራው ይጥበቅ፣ ጉቦው ይቁም፤ ለአነስተኛ ሞተርና ደኅንነቱ ለተረጋገጠ ያገለገለ መኪና በሩ ይከፈት፣ ቀረጡም ይቀነስ። ግን ቪ ኤይት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሾፌር የሚነዳ ሰው ይህ እንዴት ይገባዋል? እኛ መሪ መርጠን የምናዞረው ብርቅ በሆነበት አገር፣ የመኪናውን መሪ እንኳ ተዉልን!