አረሙን ማን አረም አለው?

ባለፈው ሜይ ከቤት ባለቤቶች ማኅበራችን ደብዳቤ መጣ። ግቢዬ ውስጥ «አረም» ስለታየ በ14 ቀን ውስጥ እንዳስወግድ፣ ካልሆነ ቅጣት እንደሚከተል ይገልጻል። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። እማዬ ከጎጃም ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር ደብዳቤውን ተርጉሜ አነበብኩላት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ዞረችውና ተመለሰች።

«የቱ ነው አረሙ?»

ነጭ አበባ ያወጣውን ክሎቨር አሳየኋት።

«ይኼማ ማገጥ ነው! ላም አጥታችሁ ነው እንጂ…»

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ መድኃኒቱን ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ አስቀምጬ ነበር።

እማዬ አረም ታውቃለች። በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተጎንብሳ ጤፍ ስታርም ነው ያደገችው። ጤፍ ማረም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቡቃያው ቀጭን ነው፣ ከአረሞቹም አንዳንዶቹ የጤፍ የሥጋ ዘመድ ናቸው፤ እጅ ያልለመደ ሰው ጤፉን ነቅሎ አረሙን ይተዋል። እዚያ አረም ማለት እንጀራ የሚሻማ ማለት ነው። ካልተነቀለ ጎተራው ይጎድላል። እሺ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ያለው ማገጥ ማንን ነው የሚሻማው? ማንም የማይበላውን፣ ማንም የማያስበላውን ሣር! ከገበሬ «አረም» የሚለውን ቃል ወስደን ምክንያቱን እዚያው ማሳ ላይ ትተነው መጣን።

ደግሞ ክሎቨር ሁሌም አረም አልነበረም። እስከ 1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የግቢ ሣር ዘር ውስጥ ሆን ተብሎ ይቀላቀል ነበር። ሥሩ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ወስደው መሬቱን ያዳብራሉ፤ ድርቅም ሲመጣ ከሣሩ በተሻለ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቱ-ፎር-ዲ ተገኘ። የአገር ቤት ገበሬም ያውቀዋል፣ ስንዴና ጤፍ ላይ ይረጨዋል። ይህ መድኃኒት ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፣ ሣር ዘሩን ይተዋል። ክሎቨር ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው። መድኃኒቱ ዳንዴላየንን ከክሎቨር መለየት ስላልቻለ ክሎቨርም አረም ተባለ። አያችሁ? ዕፅዋቱ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ጠርሙስ ነው። አሁን ማዳበሪያ ሆኖ የሚያገለግለውን ክሎቨር በገንዘባችን እንገድልና ናይትሮጅን በከረጢት በገንዘባችን እንገዛለን። ሣሩ ያልተጠቀመበት ትርፍ ከዝናብ ጋር ወርዶ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 ቱ-ፎር-ዲን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው መደብ አስገብቶታል። ማስረጃው ውሱን ነው፣ የአሜሪካ መንግሥትም መሸጡን ይፈቅዳል፤ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ግን ለስንዴ ሲሆን ቢያንስ የሚመዘን ነገር አለ፣ በአንድ በኩል አደጋው፣ በሌላው ዳቦው። ግቢዬ ውስጥ በዳቦው በኩል ምን ላስቀምጥ? የጎረቤት ዓይን?

አዎ፣ የጎረቤት ዓይን። ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖሩ። ሣራቸው ምንጣፍ ነው። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «እኛ ሁለቴ ነው የምንታየው። እነሱ ሲያዝረከርኩት ሥራ በዝቶባቸው ነው፣ እኛ ስናዝረከርከው ሰፈር አበላሹ ነው። ዝም ብለህ ርጭ።» ይኼን ንግግር ቀላል አድርጌ አላየውም። ከሰማሁት መከራከሪያ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም እውነት አለው።

ግን እውነቱ ከየት መጣ? ሎንግ አይላንድ ላይ በ1947 መሠራት የጀመረው ሌቪታውን የአሜሪካ የከተማ ዳር ሰፈር ሞዴል ነው። ነዋሪው በወራቱ ሣሩን በየሳምንቱ እንዲያጭድ ይገደድ ነበር። በዚያው ሰፈር የመጀመሪያዎቹ የኪራይ ውሎች ላይ ደግሞ ከነጭ በስተቀር ማንም ቤቱ ውስጥ እንዳይኖር የሚል አንቀጽ ነበረ። እንዲህ ያለውን የዘር አንቀጽ ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ከለከለ። የሣሩ ደንብ ግን ከሰፈር ሰፈር ተላልፎ እኔ ደጅ ደረሰ። ሣር የወደደ ሁሉ ዘረኛ ነው አላልኩም፣ ተረጋጉ። እኔ የምለው፣ ጋሼ የፈሩት ዓይን የተገራው እኛ እንዳንገባ በተሠራ ሰፈር ውስጥ ነው። ያንን ዓይን ለማስደሰት የገዛ ልጆቻችን በባዶ እግር የሚሮጡበትን መሬት ለምን እንረጫለን?

መጠኑንም አስቡት። በ2005 የወጣ፣ በሳተላይት መረጃ የተሠራ ግምት የአሜሪካን ሣር፣ የግቢውን፣ የመናፈሻውንና የጎልፉን ጨምሮ፣ ወደ 163,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጤፍ የሚዘራበት መሬት 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው፣ ማለትም 30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር። አምስት እጥፍ!

«ታዲያ አረም የሚባል ነገር የለም ልትለን ነው?» አለ እንጂ። ጣና ላይ ያለው እምቦጭ አረም ነው፤ ዓሣ አጥማጁን ጀልባው ላይ አስሮ አስቀርቶታል። የግጦሹን መሬት የወረረው ቅንጨ አረምም አረም ነው፣ የነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል። የሚገርመው ግን እምቦጭ ከአማዞን ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ሰዎች አበባውን ወድደው፣ ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ስለወሰዱት ነው። የወፍ ቆሎም እንደዚሁ፣ የአጥር ጌጥ ነበር። በተቃራኒው ሰርዶን ውሰዱ፤ አገር ቤት መስኩ ሁሉ ሰርዶ ነው፣ ለምለም ተብሎ የሚረገጠው እሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ፌስኪው የተባለው ሣር መሀል ከበቀለ «ቤርሙዳ» ተብሎ የሚረጭ ጠላት ነው። አደይ አበባስ? የዚያችው ወገን የሆኑ ቢጫ አበቦች በሴፕቴምበር እዚህ መንገድ ዳር፣ ቦይ ለቦይ ይፈካሉ። ፍሬያቸው ልብስ ላይ ስለሚጣበቅ አረም ይሏቸዋል። እኛም በመኪና እናልፋቸውና ከሐበሻ ሱቅ የፕላስቲክ አደይ ገዝተን ለእንቁጣጣሽ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ያ የገዛሁት ጠርሙስ እዚህ ግቢ ሣር ላይ መረጨቱ ለካ ክልክል ነው። ካውንቲው በ2015 ባወጣው ሕግ አብዛኞቹን ሰው ሠራሽ መድኃኒቶች ከግቢ ሣር ላይ አግዷል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ተመላልሶ በ2019 ለካውንቲው ተፈረደ። መሸጡን ግን ሕጉ ስላልከለከለ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ እኔም እንዲያ ነው የተሸወድኩት። ሜሪላንድ ደግሞ በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ ባለቤቱ እስከተንከባከበው ድረስ፣ ማኅበራት ንብና ቢራቢሮ የሚስብ ወይም ውኃ የሚቆጥብ አትክልት ላይ ያልተገባ ገደብ እንዳይጥሉ ተደርጓል። ብዙዎቻችን ስለማናውቀው ደብዳቤ ሲመጣ እንደነግጣለን።

ሣሩን የግድ እፈልጋለሁ ካላችሁም መርዝ አያስፈልግም። ማጨጃውን ከፍ አድርጉት፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ረጅም ሣር መሬቱን ስለሚያጠላው የአረም ዘር ብርሃን አጥቶ ይቀራል። አላጭታችሁ የምትቆርጡት እናንተ ናችሁ አረሙን የምትጠሩት። ዳንዴላየን ዝናብ በዘነበ ማግስት ከነሥሩ ይነቀላል፣ ሥሩ ከተበጠሰ ተመልሶ ይመጣል። የተራቆተ ቦታ ላይ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ዘር ዝሩ። በጸደይ አትልፉ፣ የበጋው ሙቀት ቡቃያውን ይፈጀዋል።

ጠርሙሱን ወደ ካውንቲው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ወሰድኩት። ለማኅበሩም የሁለቱን ሕጎች ቁጥር ጠቅሼ አንድ ገጽ መልስ ጻፍኩ፤ ማገጡን እንደማልነቅል፣ ዳር ዳሩን ግን በሥርዓት እንደማጭድ። እማዬ ከመሄዷ በፊት ዳንዴላየኑን በቢላዋ አወጣችው። ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቀለችውና ቀምሳ «ይመራል» አለች። ሥሩን ጣለችው። ጋሼ በአጥሩ በኩል ቆመው ሲያዩን ነበር፤ ሲያልፉ «እስቲ ለኔም በጠራው ቦታ ካለ ትንሽ» አሏት።