የተሳለ ጀበና ምን ድምፅ አለው?

በኮምፒዩተር የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ዓይንን እንጂ ጆሮን ገና አላጠገበም ብል የማይስማሙ ጓደኞች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ምክንያቴን ልግለጽ።

በፊልሙ ውስጥ ሲኒ ወድቆ ሲሰበር አወዳደቁን ኮምፒዩተሩ በኒውተን ሕግ ያሰላዋል። ድምፁን ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ከተቀዳ ክምችት መርጦ ይለጥፍበታል። ድምፅ እኮ የዕቃው የራሱ ጠባይ ነው! ማናቸውም ጠጣር ነገር ሲመታ እንደ ቅርጹ፣ እንደ መጠኑና እንደ ተሠራበት ነገር ይርገበገባል። ሸክላ የሚገዛ ሰው አንኳኩቶ የሚያዳምጠውም ስንጥቁ ርግብግቢቱን ስለሚለውጠው ነው። እንግዲህ ጠባዩ ከታወቀ ድምፁ ይሰላል ማለት ነው፤ ኦብራየን፣ ኩክና ኤስል የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሠርተው አሳይተዋል። ሥራው ግን አድካሚ ነው፤ ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ሲበቃው፣ ጥሩ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ያህል ቁጥር ይፈልጋል።

ውኃማ ከሁሉ ይብሳል። ሲንቆረቆር የምንሰማው በአብዛኛው በውስጡ የታፈኑትን የአየር አረፋዎች ነው። ሚናርት የተባለው ሊቅ በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው አረፋው ባነሰ መጠን ድምፁ ይቀጥናል፤ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 1 ሚሊሜትር የሆነው በሰከንድ 3,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ዠንግና ጄምስ በ2009 እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የውኃን ድምፅ በኮምፒዩተር ያወጡት በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህ ለእኛ ለከፋ ልጆች ምን ያደርግልናል የሚል ቢኖር እንስራን ይመልከት። ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር እያጠረ ስለሚሄድ ድምፁ ይቀጥናል፤ እናቶቻችን ፊታቸውን አዙረው እያወጉ እንኳ መሙላቱን በጆሮ ያውቃሉ። (ፊዚክስ ያልተማሩ የፊዚክስ ሊቃውንት ብላቸው መምህራችን ይቆጡኝ ይሆን?) ተረታችንን በሥዕል የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ጀበናውን አሳምሮ ስሎ የጠርሙስ ድምፅ ቢሰጠው፣ የደካ ሕፃን ይስቅበታል።

ሁሉም ድምፅ ይሰላ አልልም፤ በጫካችን ቅጠል ላይ የሚወርደውን ዝናብ ቀድቶ መያዝ ይቀላል። የተሰላውም ቢሆን ትክክለኛነቱ የሚታወቀው ከእውነተኛው ጋር ሲመሳከር ነው። እንስራን ደግሞ የፕላስቲክ ጀሪካን እየተካው ነው። ስለዚህ የድምፅን ትምህርት ስንማር እንስራና ሙቀጫ ወደ ክፍል ይግቡልን እላለሁ። ከወላጆች መካከል ያልተሰነጠቀ እንስራ ያለው ቢያውሰን፣ መቅጃውንና ሜትሩን እኛ እናመጣለን።