የጎረቤቴ ተጨማሪ የድምፅ ወረቀት

ምርጫ በመጣ ቁጥር በሐረር ቤቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ከምርጫ ጣቢያ ተመልሶ «ለጓደኛዬ ከእኔ አንድ ወረቀት ተጨምሮ ተሰጠው፤ ለምን?» ይላል። ብዙዎቻችን «ፖለቲካ ነው፣ ተወው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን በነርስነት በቆየሁባቸው ዓመታት ያስተዋልኩት ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ መልስ ያጣ ልጅ መልሱን ከመንገድ ያመጣል። የመንገዱ መልስ ደግሞ ጎረቤትን ማማት አያጣውም። ስለዚህ ዛሬ አሠራሩን እንየው።

የክልላችን ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፤ በሁለት ጉባኤዎችም የተከፈለ ነው። አንደኛው የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ሲሆን 22 አባላት አሉት። ለዚህኛው የክልሉ ነዋሪ ሁሉ፣ ብሔሩ ምንም ይሁን ምን፣ ድምፅ ይሰጣል። ከ22ቱ 4ቱ ከጁገል፣ 18ቱ ከግንቡ ውጪ ካለው ከተማና ገጠር ይመረጣሉ። ሁለተኛው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፤ 14 አባላቱን የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው። ያቺ ተጨማሪ ወረቀት የዚህ ጉባኤ ናት። ለክልሉ ፕሬዚዳንትነት እጩ የሚያቀርበውም ይኸው ጉባኤ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ 183 ሺህ ገደማ ነዋሪ ከመቶ 56ቱ ኦሮሞ፣ 23ቱ አማራ ሲሆኑ፣ ሐረሪው ግን 9 ያህል ብቻ ነበር። በቁጥር ብቻ ቢኬድ የከተማዋ ቀደምት ሕዝብ በገዛ ከተማው ምክር ቤት ድምፁ ሊሰማ አይችልም ነበር።

ጉባኤው ሌላም ለየት ያለ ነገር አለው፤ ከክልሉ ውጪ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጡለታል። በ1940 ዓ.ም. ከኩሉብ እንቅስቃሴ በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ታስረዋል፣ ንብረታቸው ተወርሷል፤ በርካቶችም ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደዋል። በስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጪ ያሉት አይመርጡም በማለቱ ክልሉ ክስ አቀረበ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም መምረጥ እንደሚችሉ ወሰነ።

ቅሬታው ግን ቀላል አይደለም። ሐረር ተወልዶ፣ አያቱም እዚሁ የተቀበሩ ሐረሪ ያልሆነ ወጣት፣ ሐረርን በበዓል ብቻ የሚያይ የአዲስ አበባ ሰው ለጉባኤው ሲመርጥ እሱ አለመምረጡ ይከነክነዋል። በአንድ ጣሪያ ሥር ባል የሚወስደውን ወረቀት ሚስት የማትወስድበት ቤትም አለ። ሐረሪው አባት በበኩሉ ቋንቋውና ልማዱ በልጅ ልጆቹ ዘመን እንዳይጠፋ ይሰጋል። ሁለቱም ስጋት እውነት ነው፤ አንዱን ለማጽናናት ሌላውን ማቃለል አይገባም።

ድምፅ የሚቆጠርበት ሥርዓት ውጤቱን እንደሚለውጥ የሚያሳየው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ ቴክሳስ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊዎች ቀን ድምፅ ሰጥተው፣ ማታ ደግሞ ተሰብስበው መረጡ። በቀኑ ድምፅ ሂላሪ ክሊንተን አሸነፉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን ብዙ ተወካይ ያገኙት ባራክ ኦባማ ነበሩ።

እናንተ ወላጆችና አያቶች፣ ልጁ ሲጠይቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። 22 እና 14 ብላችሁ ጻፉለት፤ የትኛውን ማን እንደሚመርጥ አሳዩት፤ ምክንያቱንም ቅሬታውንም ንገሩት። ትክክል አይደለም ካለ አትቆጡት፤ ሕግ በውይይት ይሻሻላል። ነገር ግን ወረቀቷን የወሰደው ጓደኛው ሕጉን እንዳልጻፈው ይወቅ። ነገ ሲታመም ውኃ የሚያቀብለው፣ ሲያዝን ለቅሶ የሚደርስለት ያው ጎረቤቱ ነው።